አሥራ አራት ሰከንድ እና አርባ ደቂቃ

የሟች ወንድሜ ሚስት የሰፈራችንን የውሃ ታንከር መክፈቻ ከያዘች ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት። ሰው ሁሉ የሚጠራት «ባለቁልፏ» እያለ ነው። ቁልፍ ስል የበር ቁልፍ እንዳይመስላችሁ። የክንድ ርዝመት ያለው፣ አናቱ ላይ እጀታ የተበየደበት ብረት ነው። ከታንከሩ ሥር ያለው ትልቁ ቧንቧ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በእሱ ነው።

ከእሷ በፊት ብረቱን የያዘው ወንድሜ ነበር። ሲሞት የውሃ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሴት ያንን ቧንቧ ማዞር አትችልም ተባለ፤ እውነቱን ለመናገር እንዲያ ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ስብሰባው ሳያልቅ ተነሥታ ወጣች። ተከትለናት ታንከሩ ወዳለበት ኮረብታ ስንወጣ አንድ አሮጌ የቧንቧ ቁራጭ እጀታው ላይ ሰክታ፣ በአንድ እጇ ስትከፍትና ስትዘጋ አገኘናት። «ለወንዶቹ ጉልበት በቂ ነበር፤ እኔ ርዝመት ጨመርኩበት» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉልበት ያነሣባት የለም።

ያን ጊዜ ወደ ታንከሩ ምንም አይጨመርም ነበር። ከወንዙ ተስቦ የመጣ ውሃ እንደመጣ ይጠጣል። እሷ ሥራውን ከመያዟ ከዓመት በፊት የተቅማጥ በሽታ ገብቶ በአንድ ወር አሥራ አንድ ሕፃናት ቀብረናል። ከአሥራ አንዱ አንዱ የእሷ የመጨረሻ ልጅ ነበር፤ ሁለት ዓመቱ። ኋላ አንድ የጤና ባለሙያ መጥቶ ውሃ በክሎሪን እንዴት እንደሚታከም ሦስት ቀን አስተማራት። እሷም የተማረችውን አንድ ቀን ሳታጓድል ስትሠራ ኖረች።

ሥራው እንዲህ ነው። ፓምፑ ታንከሩን ሞልቶ ሲያበቃ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መሰላሉን ትወጣለች። መጀመሪያ ግራና ቀኝ ትመለከታለች፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ከዛፎቹ ጫፍ ለማወቅ ነው። ዱቄቱ ፊት ላይ ከቦነነ ዓይን ያቃጥላል፣ ትንፋሽ ይቆርጣል። ከዚያ አፍንጫና አፏን በሻርፕ ትሸፍናለች። ዱቄቱን በፕላስቲክ ባልዲ በጥብጣ እስኪያርፍ አሥር ደቂቃ ትጠብቃለች፤ የጠለለውን በክዳኑ በኩል ታፈስሳለች። ከዚያ ሠላሳ ደቂቃ መቀመጥ ነው። በመጨረሻ ትንሽ ውሃ በብልቃጥ ቀድታ ክኒን ትጥልበታለች፤ ውሃው ሮዝ ይሆናል። ቀለሙን የፈዘዘና የደመቀ ሮዝ ካለበት ካርድ ጋር ታስተያያለች። ቢገረጣም አትከፍትም፣ ቢደምቅም አትከፍትም። በሁለቱ መሃል ሲሆን ነው ብረቱን የምታነሣው። ሁሉም ተደምሮ አርባ ደቂቃ ይፈጃል።

ከታንከሩ ፊት ለፊት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ላይ ፀጉር አስተካካዩ ይኖራል። ደግ ሰው ነው፤ ጥፋቱም ከደግነቱ የመጣ ነው። አንድ ቀን ማለዳ ሰማዩ አምሮበት በስልኩ ቀረጻት። ከቀረጸውም ከየቦታው ለቅሞ ሁለት ደቂቃ የሚሆነውን «ወፍ ሳይንጫጫ የተነሣች እናታችን» ብሎ ለሰፈሩ የስልክ ቡድን ላከው። ሰውም መረቃት፤ ነገሩ በዚያው ተረሳ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ምስል ተመልሶ መጣ። ይሁን እንጂ መሃል መሃሉ ተቆርጦ አሥራ አራት ሰከንድ ብቻ ሆኗል። ባለቁልፏ ግራ ታያለች፣ ቀኝ ታያለች፣ ፊቷን ትሸፍናለች፣ ነጭ ዱቄት ትዘረግፋለች፣ ባልዲውን ወደ ታንከሩ ትገለብጣለች። ከላዩ ማንም የማያውቀው ሰው ድምፅ አለ፦ «ወገኖቼ፣ ሴቶቻችን ለምን እንደማይወልዱ ዛሬ ታወቀ። ይህቺን ሴት ተመልከቱ። ፊቷን ለምን ሸፈነች? ግራና ቀኝ የምታየው ማንን ፈርታ ነው? ለሁሉም አዳርሱ።»

ሁሉም አዳረሰ።

እኔ ፊደል የለየሁት ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ማንበብ በጀመርኩባቸው ዓመታት የተጻፈ ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር፤ በወረቀት ላይ መዋሸት የሚቻል አይመስለኝም ነበር። ውሎ አድሮ ነቃሁ። ሰው በሚታይ ነገርም ሊዋሽ እንደሚችል ለመንቃት ግን ያን አሥራ አራት ሰከንድ መጠበቅ ነበረብኝ። ምስሉን ስልኬ ላይ አራት ጊዜ አየሁት፤ አራቱንም ጊዜ ሳቅሁ። አምስተኛው ላይ ሆዴ ጠረጠረ። ሠላሳ ዓመት አብሬያት አንድ ማዕድ የቆረስኩ ሰው ነኝ። ለምንድን ነው ግን ወደ ቀኝ ስታይ ትንሽ የቆየችው? አልኩ። በዚያ ማታ ለመጠጥ ያነሣሁትን ውሃ መልሼ አስቀመጥኩት። ይህን የምጽፈው ኮርቼበት አይደለም።

በጉልምስናዬ ዘመን በሰፈራችን የነበረው አንድ ሬዲዮ ነው፤ ልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ። ሠላሳ ሰው ከቦ ያዳምጠው ነበር። ሬዲዮው ውሸት ሲናገር ከሠላሳው አንዱ ምላሱን ጠቅ ያደርጋል፣ ሌላው «ተወኝ እባክህ» ይላል፣ ይሳቃል። ወሬው ቤታችን የሚገባው በሠላሳ ሰው ወንፊት ተነፍቶ ነበር። አሁን ሠላሳውም የየራሱን ይዞ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል። ምላሱን ጠቅ የሚያደርግ ጎረቤት ከአጠገቡ የለም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ነገሩን መጨረሻ የሰማችው ራሷ ባለቁልፏ ናት። ስልኳ መደወልና ማንሣት እንጂ ምስል አያሳይም። ቦኖው ላይ የሚሰለፈው ጀሪካን ለምን እንደቀነሰ ግራ ገብቷት ሰነበተች። የነገረቻት ልጇ ናት።

ልጅቷ ካገባች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ከባሏ ቤተሰብ ጋር ከታችኛው መንገድ ትኖራለች። ልጅ አልወለደችም። አማቷ በቀጥታ አይናገሩም፤ ግን የጎረቤት ሕፃን ባዩ ቁጥር በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ያን ቀን እኔ ከእናቷ ቤት ተቀምጬ ነበር። ልጅቷ ገባች፤ ሰላምታዋም ለወጉ ያህል ነበር። የቀረበላትን ውሃ ጠረጴዛው ላይ ተወችው።

«እማዬ፣ ያንን ዱቄት መጨመር ከጀመርሽ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሃያ ሁለት።»

«እኔ ልጅ ሆኜም?»

«አንቺ የአራት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ምነው?»

ልጅቷ ስልኳን ከፍታ እናቷ ፊት አቆመችው። እናትየው አንድ ጊዜ ብቻ አየችው። ድጋሚ አልጠየቀችም።

«እኔ ነኝ» አለች።

«እና?»

«እናማ እኔ ነኝ። ሥራዬን ስሠራ።»

ልጅቷ ሌላ ነገር የጠበቀች ይመስለኛል። እንባ፣ መሐላ፣ ቁጣ። አላገኘችም። ተነሥታ ወጣች፤ ውሃው እንደተቀዳ ቀረ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ልጅቷ ሞኝ አይደለችም። አራት ዓመት ሙሉ «ለምን እኔ?» ስትል መልስ የሰጣት ሰው አልነበረም፤ ሐኪምም ጎረቤትም ዝም ብለዋል። ስልኩ ግን በአሥራ አራት ሰከንድ መለሰላት። የተጠማ ሰው የሰጡትን ይጠጣል።

በሳምንቱ ከሰፈሩ እኩሌታው ወደ ወንዙ ወረደ። ሁለት ሕፃናት ሆዳቸውን ታመሙ። ይህም በስልኩ የታንከሩ ሥራ ተባለ፤ ከታንከሩ ከጠጡ ግን ስድስት ቀን አልፏቸው ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ኮሚቴው በትምህርት ቤቱ ክፍል ተሰበሰበ። ጉልበታችን አገጫችን እየደረሰ የልጆች ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ክፉ አይደሉም፣ ግን ጩኸት አይወዱም። የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ነገሩ እስኪበርድ ለጥቂት ሳምንታት ዱቄቱ ይቅር። ሁለተኛ፣ ባለቁልፏ ስልክ ፊት ቆማ ሕዝቡን በመረበሿ ይቅርታ ትበል፤ ያም ለሁሉም ይላክ።

«እህቴ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሏት።

«እስኪጠራ ድረስ ምን ይጠጣሉ?» አለቻቸው።

ሊቀመንበሩ ይቅርታ ማለት ማንንም እንደማያዋርድ አስረዷት።

«ላጠፋሁት ሺህ ጊዜ እላለሁ፣ ጋሼ» አለች። «ላላጠፋሁት አንድ ጊዜ ካልኩ ግን ያቺ አንዷ እውነት ትሆናለች። ልጆቼም የሚያዩት እሷኑ ነው።»

እኔ ስለቀበረችው ሕፃን ልናገር አፌን ከፈትኩ። በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና ዝቅ ባለ ድምፅ «ተወው፣ ጋሼ። ልጄን ለክርክር አላወጣውም» አለች። ብታነሣው ኖሮ የሰፈሩ እናት ሁሉ ያለቅስላት ነበር። ለቅሶ አልነበረም የፈለገችው።

ተነሥታ ብረቱን የአስተማሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ያለ ዱቄት የሚከፍት ካለ ይውሰደው፣ ግን መጀመሪያ የሚጠጣው የራሱ ልጅ ይሁን አለች። ሰባታችንም የኮሚቴው አባላት ብረቱን አየነው። ማንም እጁን አልዘረጋም።

«እንግዲያ ስሙኝ» አለች ብረቱን መልሳ እያነሣች። «ውሃው የእናንተ ነው። እጁ ግን የእኔ ነው። ከነገ ጀምሮ በንጋት አልሠራም፤ ፀሐይ ሞቆ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምወጣው። አሥራ አራቱን ሰከንድ አይታችኋል። አርባውን ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ የሚያይ አንድ ሰው ከሚጠረጥሩኝ መካከል እስኪመጣ ድረስ ቧንቧው አይከፈትም።»

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ኮረብታው ላይ የነበርነው ፀጉር አስተካካዩና እኔ ነን። እሱ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ይበልጥ ከስቶ ነበር። ሙሉውን ምስል ስልኩ ሲሞላበት አጥፍቶታል፤ ቢኖረው ኖሮ ያወጣው ነበር። እኔ ምስክር ልሁን አልኳት።

«አንተ ዘመድ ነህ። ዘመድ ምስክር አይሆንም።»

ፀጉር አስተካካዩም እኔስ አለ።

«አንተማ ባለጉዳይ ነህ። ይልቅ ውረድና ሰው ላጭ።»

ቧንቧው ሳይከፈት ዋለ። ሰኞም እንዲሁ። ያልተጠራጠሯት ጭምር ተቆጡ፤ እኛ ምን በደልን ብለው እስከ ታንከሩ አጥር መጥተው ሰደቧት። የሚያምነኝን አልጠራሁም፣ የሚጠረጥረኝን ነው የጠራሁት አለቻቸው። ያን ምሽት ብረቱን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀምጣ፣ «ነገም ባይመጡስ?» አለችኝ።

ማክሰኞ አንዲት ሴት መጣች፤ «ሬዲዮ» የምንላት ባለ ሻይ ቤት። ሰፈሩ ውስጥ አንድ ወሬ ከእሷ ሳይተላለፍ አያድርም። ያንን ምስል ብቻዋን ለሰባ ሰው ልካለች። የመጣችው ጽድቅ ፈልጋ አይደለም፤ ሻይ በወንዝ ውሃ አልጥም ብሏት፣ ደንበኛ ሸሽቷት ነው። ስልኳን እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ ይዛ መሰላሉን ወጣች።

«እቀርጽሻለሁ» አለቻት።

«ቅረጪ። ግን ሙሉውን። መሃሉን ከቆረጥሽ አንገቴን እንደቆረጥሽ እቆጥረዋለሁ።»

ባለቁልፏ ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። ሬዲዮ ቶሎ ብላ፣ ይኸው ማንን ነው የምታዪው አለቻት። ነፋሱን ነው አለች፤ ከኋላዬ ቁሚ፣ እዚያ አትቁሚ፣ ወደ አንቺ ነው የሚነፍሰው። ሬዲዮ እዚያው ቆመች፤ ከኋላ ቢቆሙ ጥሩ ምስል አይወጣም ነበርና። ባለቁልፏ ትከሻዋን ነቅንቃ ሻርፗን አጠለቀችና የዱቄቱን ክዳን ከፈተች።

አንድ ትንፋሽ በቃት። ሬዲዮ እንደ አሮጌ መኪና ሳለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ስልኩን በአንድ እጇ እንደያዘች በሌላው የገዛ ሻርፗን ጎትታ እስከ ዓይኗ ተሸፈነች። ከዚያም ዱቄቱ ዳግም በየት በኩል እንደሚመጣባት ግራና ቀኝ እያየች ወደ ኋላ ሸሸች።

እኔና ፀጉር አስተካካዩ ከሥር ሆነን እናያለን። መሳቅ አልደፈርንም።

«አሁን አንቺን ማን ይቅረጽሽ?» አለቻት ባለቁልፏ።

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ የሬዲዮ ክንድ ዛለ፤ ስልኩን ባልዲው ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ባትሪው አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚቀረጽ ነገር ስላልነበረ ሁለቱ ሴቶች ያወሩ ጀመር። ብልቃጡ ለምን ሮዝ እንደሚሆን፣ ዱቄቱ ቢበዛ ምን እንደሚሆን፣ ጉልበት ሲያም ምን እንደሚሻል። ባለቁልፏ የማታውቀውን አላውቅም ትላለች። በአርባኛው ደቂቃ ቀለሙን አስተያዩ፤ ብረቱ ዞረ፤ ቧንቧው ጮኸ። ባለቁልፏ ከመፈተሻው ቧንቧ አንድ ኩባያ ቀድታ ግማሹን ጠጣችና ቀሪውን ሰጠቻት። ሬዲዮ ኩባያውን አየችው፣ እኛን አየችን፣ ጠጣችው።

እስከ እኩለ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። እንደ ልማዷ ትንሽ ጨምራበታለች፤ በእሷ አነጋገር ዱቄቱ በሬ ይጥላል። ቢሆንም ከመሰላሉ ላይ ያደረገችውን አልካደችም፦ እኔም ፊቴን ሸፍኛለሁ፣ እኔም ግራና ቀኝ አይቻለሁ። ይህን በስልክ አላለችም። ሻይ ቤቷ ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ምላሱን ጠቅ የሚያደርግ ባለበት ነው ያለችው።

በማግስቱ ሦስት ሰው ወጣ፣ በሦስተኛው ቀን መሰላሉ ጠበበ። ያን ጊዜ በየቤቱ ተራ ወጣ፤ በየቀኑ አንድ ቤት አንድ ሰው ይልካል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቆማል፣ ኩባያውን ይጋራል። ሊቀመንበሩ አሁን ሁሉም ስለበረደ ወደ ቀድሞው ሰዓት ብትመለሺስ ብለው ላኩባት፤ ውሃ ማርፈዱ ሰውን አስቸግሯል። «ይርፈድ» ብላ መልሳ ላከች።

ሁሉም አመነ እያልኩ አይደለም። ዛሬም ድረስ ከወንዙ የሚቀዱ አራት ቤቶች አሉ። አንዱ የስልኩን ምስል አውጥቶ «ይህንስ?» ይለኛል፤ ተራህን ውጣና እይ ስለው ሥራ አለብኝ ይላል። አሥራ አራት ሰከንድ አያጣም፤ አርባ ደቂቃ ግን የለውም። ምስሉም አልሞተም። በቅርቡ ፀጉር አስተካካዩ ከሩቅ ከተማ ዘመዱ ተልኮለት አሳየን፤ ያው ሻርፕ፣ ያው ባልዲ፣ ድምፁ ግን ሌላ፣ ክሱም ሌላ። እዚያ ደግሞ ከብት የምትመርዝ ሴት ሆናለች። አፍሮ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ባልዲዋን እያጠበች «መሰላሉን አሳያቸው» ብቻ አለችው።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ተራው የልጇ አማት ቤት ሆነ። አማትየው ወይም ባልየው ይመጣሉ ብዬ ነበር። የመጣችው ልጅቷ ናት።

እናትየው አላቀፈቻትም። እንደ ማንኛውም ባለተራ ጠየቀቻት፦ «ነፋሱ ከየት ነው?»

ልጅቷ የዛፎቹን ጫፍ አየች። ግራ፣ ከዚያ ቀኝ። «ከወንዙ በኩል።»

«እንግዲያ ወዲህ ዙሪ። ሻርፕሽን አጥብቂ።»

ባልዲው ተበጠበጠ፣ አረፈ፣ ፈሰሰ። ሠላሳው ደቂቃ ቀረ። ታንከሩ ጣሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እኔ ከመሰላሉ ግርጌ ድንጋይ ላይ ነበርኩ። ከዚያ የልጅቷን ድምፅ ሰማሁ።

«እሱ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው፣ እማዬ?»

«አላውቅም።»

«ስልኩ ያውቃል እኮ።»

«ስልኩማ የማያውቀው የለም። እኔ ግን አላውቅም። ባልሽን ይዘን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፣ ሦስታችንም። ሐኪሙም ካላወቀ አላውቅም ይበለን።»

ልጅቷ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፤ ያን ጊዜ ግን ዱቄቱ ተከድኖ ነበር። እናትየው እጇን ጀርባዋ ላይ አኖረች። ሰዓቱ ሲሞላ ብልቃጡን ሰጠቻት። ልጅቷ ክኒኑን ጣለች፤ ሮዝ ሲሆን ወደ ሰማይ አንሥታ ካርዱን አጠገቡ ያዘች። ደጋግማ አስተያየችው።

«በሁለቱ መሃል ነው» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያ ውረጂና ብረቱን አንሺ።»

ልጅቷ የቧንቧውን ቁራጭ እጀታው ላይ ሰክታ አዞረች። ቧንቧው ጮኸ፤ ውሃው ወደ ሰፈሩ ሲወርድ ከእግራችን ሥር መሬቱ ሲያጉረመርም ተሰማን። ባለቁልፏ እንደ ሥርዓቷ አስቀድማ ጠጣች። ልጅቷ ኩባያውን ተቀብላ ትንሽ ቆየች፤ ጠጣች፤ ከሥሩ የቀረውን ወደ እኔ ዘረጋችው።

«አጎቴ፣ አንተም እንካ።»

ያን ምስል አምስት ጊዜ ያየሁት እኔ፣ ኩባያውን ተቀብዬ አንዲት ጠብታ ሳላስቀር ጨለጥኩት።